ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሮቦት

ከካምፓላ ከተመለስኩ ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ቪክቶሪያ ሐይቅ ነው። ሐይቁን ያየሁት ከአውሮፕላን መስኮት ነው፤ እሱንም ቢሆን ክንፉ ግማሹን ጋርዶብኛል። የነጭ ዓባይ መነሻ ከከተማው ብዙም አይርቅም ይባላል፤ እዚያም አልደረስኩም። ካምፓላን የማውቃት በአንድ የዩኒቨርሲቲ ወርክሾፕ፣ በአንድ ቻፓቲ ጋጋሪ ምድጃና በአክስቴ ምግብ ቤት በኩል ነው። ወደዚያ የመሄድ ሐሳብ ለሌላቸው ጓደኞቼ ስል ያየሁትን እንደ ቀኑ አካሄድ ጽፌዋለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልናገር። አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሬዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም፤ ከተበላሹ ሬዲዮኖችና ከእንግሊዝኛ መመሪያዎች የለቀምኩት ነው። አክስቴ ወይዘሮ ዘነበች ካምፓላ ውስጥ ኪሰንዪ በሚባለው የንግድ ሰፈር ምግብ ቤት ከከፈቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ልጃቸው ራሄል እዚያው ምህንድስና ትማራለች። በኢሜይል የጻፈችልኝ እሷ ናት። ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ሮቦት ሠርተዋል። ሮቦቱ የሚሄደው በሁለት ሞተሮች ሲሆን፣ ሞተሮቹን የሚያዟቸው ኮንትሮለር የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ናቸው። ኮምፒውተሩ ለሳጥኖቹ ይነግራል፣ ሳጥኖቹ ሞተሮቹን ያዛሉ። ችግሩ፣ ሳጥኖቹ አንዳንድ ቀን ይሰማሉ፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይመልሱም። ቅዳሜ አስተማሪያቸው ሮቦቱን ይፈትናል፤ በደንብ ከሄደ ከጎረቤት አገር ተማሪዎች ጋር ለመወዳደር ናይሮቢ ይወስዱታል።

ራሄልን ከዚህ ሁሉ በላይ ያስጨነቃት ግን ሮናልድ የሚባለው ጓደኛዋ ነበር። ሽቦዎቹን ያገናኘው እሱ ነው። ሥራው ሲጀመር አንድ ጊዜ የባትሪውን ሁለት ጫፎች አቀያይሮ ፊውዝ አቃጥሎ ስለነበር፣ አሁንም ኮንትሮለሮቹን ያቃጠላቸው እሱ ነው ይባላል። አስተማሪያቸው ቅዳሜም ካልሠሩ ሮናልድ ከቡድኑ ይወጣል ብሏል። “ለምኜ ወደ ቡድኑ ያስገባሁት እኔ ነኝ” ብላ ጻፈችልኝ። የአክስቴ ደንበኛ የሆነ የአየር መንገድ ሠራተኛ ርካሽ ትኬት አገኘልኝና ሄድኩ።

ማክሰኞ

አውሮፕላን ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ ቴስተሬ፣ የእርሳስ መበየጃዬ፣ ካቻቢቴዎቼና እናቴ ለእህቷ የላከችው በርበሬና ሽሮ አሉ። ኢንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ጉምሩክ ላይ የፈራሁት ለመሣሪያዎቹ ነበር። ስለ ቴስተሩ የምመልሰውን በእንግሊዝኛ በልቤ ስለማመድ፣ ፈታሿ መሣሪያዎቹን አልፋ የበርበሬውን ጣሳ ከፈተችና አሸተተች። ማስነጠስ ጀመረች። ባልደረባዋ ምን ሆነች ብሎ መጣና እሱም አሸተተ። ሁለቱም እንባቸውን እየጠረጉ ይህን በእርግጥ ትበሉታላችሁ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ሳያዝኑልኝ አልቀሩም፤ ሌላውን ሳይፈትሹ አሳለፉኝ።

አክስቴና ራሄል መኪና ተከራይተው ውጭ ይጠብቁኝ ነበር። ሰላምታው ሲያልቅ የፊተኛውን በር ከፍቼ ልገባ ስል መሪው ከፊቴ ተገተረ። እዚያ አገር መኪና የሚሄደው በግራ ስለሆነ መሪው በቀኝ ነው። አክስቴ፣ “ገና ሳታርፍ ልትነዳን ነው እንዴ?” አሉና መንገዱን ሙሉ ሲስቁብኝ ሄዱ።

መሬቱ ቀይ ነው፤ እንደ ተፈጨ ሸክላ። በየቤቱ ጓሮ ያየሁትን ቅጠለ ሰፊ ተክል እንሰት ነው ብዬ ነበር፤ ሙዝ ነው። ከተማዋ እንደ አዲስ አበባ ኮረብታ ለኮረብታ የተቀመጠች ናት። እኛ ዘንድ ግን ኮረብታ ማለት ብርድ ነው፤ እዚህ ሹራቤን ገና ሳንደርስ አወለቅኩት። ንቲንዳ በሚባለው ሰፈር ያለው የአክስቴ ቤት ደርሰን ለራት ማቶኬ አቀረቡልኝ፤ ያልበሰለ ሙዝ በቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት በስሎ የተፈጨ ነው። እኔ ሙዝ የማውቀው የታመመ ሰው ስጠይቅ ይዤ የምሄደው ፍሬ ሆኖ ነው። የተጠቀለለበት ቅጠል ሲፈታ ቆጮ ትዝ አለኝ፤ በልቼም ጠገብኩ።

ከራት በኋላ መበየጃዬን ልሞክር ብል ሶኬቱ እንቢ አለኝ። የእኛ አገር ሶኬት ሁለት ክብ እግር ነው ያለው፤ የእነሱ ግድግዳ ሦስት ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች አሉት። አክስቴ ብዙ እንዳልደክም ነገሩኝ። በዚያ ዓመት የሐይቁ ውኃ ስለጎደለ መብራት በተራ ነበር የሚሰጠው፤ አንድ ቀን ለአንዱ ሰፈር፣ በማግሥቱ ለሌላው።

ረቡዕ

ጠዋት በቦዳ ሄድን። ቦዳ ሰው የሚያመላልስ ሞተር ሳይክል ነው። ራሄል በአንዱ፣ እኔ በሌላው ተፈናጠጥን። ዳገቱ ላይ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ለመክፈት ድፍረቱን አጣሁ። መጀመሪያ የወረድነው ኦዊኖ ገበያ ነው፤ መርካቶን ጣሪያ ቢያለብሱት እንደዚያ ይሆናል። ሻጩ ሶኬቴን በጣቶቹ አገላብጦ ካየ በኋላ፣ “ሴቦ፣ ሦስተኛው እግሩን ማን ቆረጠው?” አለኝ። ሴቦ ጌታው እንደ ማለት ነው። ራሄል ሳቀች። እኔ ግን የአገሬ ሶኬት ሲናቅ ትንሽ ከፋኝ። ሦስተኛው እግር ኧርዝ የሚባለው፣ ወደ መሬት የሚወርደው መስመር መሆኑን ከመጽሐፍ አውቃለሁ፤ በእኔ ሱቅ ግን እንዲህ ያለ መስመር ኖሮ አያውቅም። ማያያዣውን ገዝተን ወርክሾፑ ስንደርስ መብራት የለም። የዚያ ሰፈር ተራ አልነበረም።

ሮቦቱን እዚያ አየሁት። አካሉ ቀጥቃጮች የሠሩት የአሉሚኒየም ድስት ነው፤ ጎማዎቹ ከሕፃን ጋሪ የተወሰዱ ናቸው። ሥራው አናቱ ላይ ውኃ የሞላ ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ ወለሉ ላይ የተለጠፈውን ጥቁር መስመር ተከትሎ መሄድ ነው። ከሥሩ የመኪና ባትሪ አለ፤ ሮናልድ አጎቱ ካቆሙት ሚኒባስ ተውሶ ያመጣው ነው። ቡድኑ ሦስት ሰው ነው፦ ራሄል፣ ሮናልድና ፕሮግራሙን የምትጽፈው ናካቶ። ናካቶ ከገባሁ ጀምሮ ማውራት አላቆመችም። ሮናልድ ረጅም ነው፤ እጄን ጨብጦ ከእኔ ራቅ ብሎ ቆመ። ሊመረምረው የመጣ ሰው አድርጎ አይቶኝ ይሆናል።

ናካቶ ላፕቶፕዋን አገናኝታ ትእዛዝ ላከች። ሮቦቱ አልተነቃነቀም። ሁለቱም ኮንትሮለሮች ላይ ቢጫዋ መብራት በርታለች፤ ትእዛዝ ሲሰሙ የምትበራው አረንጓዴዋ ግን ጨልማለች። ኃይል ይበላሉ፣ ትእዛዝ ግን አይሰሙም። ሮናልድ በዝግታ፣ ሳጥኖቹ ቀን ሠርተው ቀን እንደሚያርፉ፣ ሙቀት ጎድቷቸው ይሆናል ብሎ እንደሚያስብ ነገረኝ። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በቴስተር ለካሁ። አንዳንዱ ላይ እርሳሱ ደብዝዞ ስላየሁት እንደገና ልበይደው ወሰንኩ፤ መብራት ግን የለም።

አገራችን መብራት ሲጠፋ የማደርገውን አደረግኩ። በሩ ላይ ሮሌክስ የሚሸጥ ሰውዬ የከሰል ምድጃ ነበረው። ሮሌክስ ቻፓቲ በሚባል ስስ ቂጣ የተጠቀለለ የእንቁላል ጥብስ ነው። የመበየጃዬን ብረት ጫፍ ፍሙ ውስጥ ልክተት ብዬ ለመንኩት። ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠኝ፤ ብረቱ ሲግል እየሮጥኩ እገባለሁ፣ ሲበርድ እየሮጥኩ እመለሳለሁ። ውለታውን ለመመለስ ከእሱ ሮሌክስ ልገዛ ፈለግኩ፤ ግን ቀኑ ረቡዕ ነው፣ ጾም። እንቁላል አልበላም ስለው ግራ ገባው። ታመሃል ወይ አለኝ። ራሄል አስረዳችው። ሰውየው ጥቂት አሰበና ጎመንና ቲማቲም ብቻ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ መበየጃዬን እኔ ሳልጠይቀው እሱ ራሱ ያገላብጥልኝ ጀመር።

ሐሙስ

መብራት መጣ። ናካቶ የወርክሾፑን ትልቅ ኮምፒውተር ከፈተች፣ ሮናልድ የባትሪውን ቻርጀር ሰካ፣ ትእዛዙ ተላከ። አረንጓዴዎቹ ቦግ አሉ፤ ሮቦቱ ገመዱ እስከፈቀደለት ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ሁሉም የእኔ ብየዳ ነው አሉ። እኔም አመንኩ፤ ደብዛዛዎቹን መጋጠሚያዎች በዓይኔ አይቻቸዋለሁና። ሮናልድ መጥቶ ሁለተኛ ጊዜ ጨበጠኝ፤ የዛሬው አጨባበጥ የወንድም ነበር።

ማታ አክስቴ ሁሉንም ኪሰንዪ ጠርተው ጥብስ አበሉን። ናካቶ በርበሬውን ደፍራ በልታ ላብ በላብ ሆነች። አክስቴ በአማርኛ ይመርቋታል፣ እሷ በአገሯ ቋንቋ በሉጋንዳ ታመሰግናለች፤ ሁለቱም ሳይግባቡ ተግባቡ።

ዓርብ

መብራት የለም፤ ሮቦቱም አይንቀሳቀስም። ቢጫዋ በርታለች፣ አረንጓዴዋ ጨልማለች፣ ልክ እንደ ረቡዕ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም፤ ለእኔ ደግ መሆናቸው ነው። ሮናልድ መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጠን። ከዚያ ሳይዞር፣ ምናልባት እውነትም ያቃጠልኳቸው እኔ ሳልሆን አልቀርም፣ ለአስተማሪው ዛሬውኑ ብነግረው ይሻላል አለ። ራሄል እስከ ነገ ጠብቅ ብላ ለመነችው።

ምሳ ለመብላት እኔና ራሄል ብቻ ወደ ኪሰንዪ ወረድን። አክስቴ ሽሮ አቀረቡና ፊታችንን አይተው ነገሩ ገባቸው።

“ዛሬም እንቢ አለ?”

“እንቢ አለ” አለች ራሄል።

“እኔስ ጠርጥሬ ነበር። ረቡዕ ጾመ፣ ትናንት ፈሰከ፣ ዛሬ ጾመ። በዚህ ሳምንት እኮ መብራቱም ከእኛ ጋር ነው የሚጾመው። ፍሪጄ ውስጥ ሥጋ የማስገባው መብራት ባለበት ቀን ብቻ ነው። ሮቦታችሁም እንደ ፍሪጄ መሆኑ ነው።”

“እማዬ፣ ሮቦቱ እኮ በባትሪ ነው የሚሠራው” አለች ራሄል።

ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ። ሮቦቱ በባትሪ ነው የሚሠራው፤ እውነት ነው። ታዲያ መብራት ያለበትን ቀን በምን አወቀ? ሽሮውን ሳንጨርስ ተነሳን። አክስቴ ከኋላችን፣ “ምን ተናገርኩ? ብሉ እንጂ!” ሲሉ ይሰማል።

ወርክሾፑ ደርሰን መብራት ባለበት ቀን ግድግዳው ላይ ምን ምን እንደሚሰካ ጠየቅኩ። ሁለት ነገር ነው፤ ትልቁ ኮምፒውተርና የባትሪው ቻርጀር። መብራት በሌለበት ቀን ሁለቱም የሉም፤ ላፕቶፑና ባትሪው ብቻ ናቸው። ቴስተሬን አወጣሁ። በባትሪው ኔጋቲቭና የኮምፒውተሩን ትእዛዝ ወደ ሳጥኖቹ በሚያስተላልፈው ካርድ ግራውንድ፣ ማለትም በመመለሻ መስመሩ፣ መካከል ለካሁ። ምንም ግንኙነት የለም። ትእዛዝ ሄዶ የሚመለስበት መንገድ ከሌለው፣ የሚናገረው ቢናገርም የሚሰማው አይሰማም። ቀጥሎ የቻርጀሩን ኔጋቲቭና የሶኬቱን ሦስተኛ እግር ነካሁ። ቴስተሩ ጮኸ፤ ይገናኛሉ ማለት ነው። የኮምፒውተሩን ግራውንድና የእሱን ሦስተኛ እግር ነካሁ። አሁንም ጮኸ።

እኔ ገና ቃል እየፈለግኩ ሳለ ናካቶ ቀደመችኝ። “ስለዚህ የጎደለው ሽቦ ግድግዳው ነበር!” አለች።

እንደዚያ ነው። መብራት ባለበት ቀን ሁለቱ ዕቃዎች በሦስተኛው እግር በኩል በግድግዳው ውስጥ ይገናኛሉ፤ ሲነቀሉ ይለያያሉ። በእኔ ሱቅ ቢሆን በዚያ በኩል መገናኘታቸው በሕልሜም አይመጣም ነበር። ቁራጭ ሽቦ ወስጄ ሁለቱን ግራውንዶች በእጄ አገናኘሁ። አረንጓዴዎቹ በሩ፤ ሮቦቱ ዘሎ የሮናልድን ቅልጥም መታው። ሮናልድ እግሩን ይዞ እየሳቀ፣ “ከሞት ተነሥቶ መጀመሪያ የመታው እኔን ነው” አለ።

ሳቁ ሲያልቅ ሮናልድ ጎንበስ ብሎ አንዲት ብሎን በጣቱ ነካ። እዚህ ጋ ሁለቱን ግራውንዶች የሚያገናኝ ቀጭን ጥቁር ሽቦ አስሬ ነበር አለ። ናካቶ በእንቅጥቅጡ ወድቆ ይሆናል አለች፤ እሱም ተቀበለ። እኔ ብሎኗን አየኋት። ሽቦ ሲወድቅ ብሎን ላልቶ ይቀራል፤ ይህች ሽቦው ከወጣ በኋላ በደንብ ተጠብቃለች። ራሄልን አየኋት። መሬት መሬት ታያለች። ቴስተሬን ወደ ሻንጣዬ መለስኩ።

ወደ ንቲንዳ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ራሷ ነገረችኝ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ሞተሮቹ ሲነሡ ካርዱ እየጠፋ ያስቸግራቸው ነበር። የሞተሩና የኮምፒውተሩ መስመር በምንም መነካካት የለባቸውም የሚል ምክር ኢንተርኔት ላይ አነበበች። ሽቦውን ፈታችው። ያን ቀን መብራት ስለነበር ሮቦቱ ሠራ፤ እሷም ለሮናልድ ሳትነግረው ረሳችው። ሁሉም ሮናልድን ሲወቅስ እሷም አብራ ጠርጥራዋለች።

ማታ ለእናቷ ነገረቻቸው። አክስቴ ቆጣ አላሉም፤ ግን ነገሩን በቀላሉ አላዩትም።

“የሰው ስም አጥፍተሽ በቃል ብቻ ይቅርታ የለም። ድንጋይ ተሸክመሽ ነው የምትሄጂው።”

“እማዬ፣ ሮናልድ ድንጋይ ተሸክሜ ቢያየኝ አበደች ነው የሚለው።”

“እንግዲያው ኤርሚያስ ሽማግሌ ሆኖ ያስረዳዋል።”

ጢሜ እንኳ በቅጡ ሳይበቅል ሽማግሌ ሆንኩ።

ቅዳሜ

በዋዜማው ንቲንዳ መብራት ስለነበር ባትሪውን እዚያ ሰፈር ሙሉ ሌሊት ቻርጅ ስናስደርገው አድረናል። ራሄል ካንጋ በሚባለው የሴቶች መጠቅለያ ጨርቅ ጠቅልላ በቦዳ ይዛው መጣች፤ ካምፓላ ውስጥ ቦዳ የማይጭነው ነገር የለም። ሮናልድና ናካቶ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ራሄል ወረደች፣ ባትሪውን አነሣች፣ ልትገባ ነው ስል ትከሻዋ ላይ አወጣችው። አንገቷን ደፍታ በሁለት እጇ ይዛ ሮናልድ ፊት ቆመች። 

“ሽቦውን የፈታሁት እኔ ነኝ። አንተ አላቃጠልክም፤ እኔ ነኝ ያስወቀስኩህ” አለችው።

እኔ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዬን ጠርጌ ስለ ልማዳችን ልናገር ስል ሮናልድ አልጠበቀኝም። አሲዱ ይፈስብሻል ብሎ ሮጦ ባትሪውን ከትከሻዋ አወረደ።

እንግዲህ የሽማግሌነቴ ሥራ አጭር ሆነ። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ እንደሚመጣ፣ የተበደለው ሸክሙን ካወረደለት ደግሞ ይቅር እንዳለው እንደሚቆጠር ነገርኩት።

ሮናልድ ባትሪውን ታቅፎ አሰበ። “ሳላውቅ ይቅር ብያለሁ ማለት ነው?”

“እንደዚያ ነው።”

“ጥቂት ደቂቃ መልሼ ላሸክማት አልችልም?”

ናካቶ እየሳቀች ግድግዳ ተደገፈች። ራሄልም እያለቀሰች ሳቀች። ሮናልድ ባትሪውን ቦታው ላይ አስቀመጠና ካቻቢቴውን ለራሄል ዘረጋላት። ጥቁሩን ሽቦ ራሷ አሰረችው። እሱ ጎተት አድርጎ ሞከረው፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ደግሞ ጎተተው።

አስተማሪያቸው ሲመጣ የወርክሾፑ መብራት በርቶ ነበር። አስተማሪው እያየ ሮናልድ ቻርጀሩንም ትልቁንም ኮምፒውተር ከግድግዳው ነቀላቸው። ጀሪካኑ ሮቦቱ አናት ላይ ተጫነ። ናካቶ ከላፕቶፕዋ ትእዛዙን ላከችና ገመዱን ፈታችው። ሮቦቱ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አለ፤ መስመሩን አገኘና ሄደ። መታጠፊያው ላይ ጥቂት ውኃ አፈሰሰ፤ ሮሌክስ ሻጩ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ አጨበጨበ።

አስተማሪው ሮቦቱ እንደቆመ ተንበርክኮ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በዓይኑ ተከተለ። ጥቁሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። በጣቱ ነካ አደረገው።

“ይህን ያሰረው ማን ነው?” አለ።

ራሄል አፏን ከፈተች። ሮናልድ ቀደማት፤ “እሷ አሰረችው፣ እኔ ፈተሽኩት።”

አስተማሪው ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። ለናይሮቢ የሦስታችሁንም ስም አስተላልፋለሁ አለና ወጣ።

ከዚያ በኋላ ብዙም የምጽፈው የለኝም፤ በማግሥቱ ተሳፈርኩ። ሐይቁን ላሳይህ ብላ ራሄል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አቅዳ ነበር፤ የሮናልድ አጎት ግን ሚኒባሳቸው ስለተጠገነ ባትሪያቸውን ፈለጉ። ሮናልድና ራሄል በካንጋው ቋጥረው አንዱን ጫፍ እሱ፣ አንዱን ጫፍ እሷ ይዘው ቁልቁለቱን ወረዱ። እሱ ረጅም፣ እሷ አጭር ስለሆነች ሸክሙ ወደ እሷ እያዘነበለ፣ እሱም ለማስተካከል ጎንበስ እያለ። እኔና ናካቶ ጀሪካኑን ይዘን ከኋላ ተከተልናቸው።